ሲስተር ድገሚ

ጥቅምት 5

ለታናሽ ወንድሜ ለጩጬ፣

እንዴት ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። ከሥራ ስወጣ እግሬ ያብጣል፤ ሃያ ሦስት ዓመት ቆሞ የሠራ እግር ስለሆነ ግን አልፈርድበትም።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ ጠልቼ እንዳይመስልህ። እኔና አንተ በስልክ ስናወራ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እንጣላለን፣ ከዚያ አንዳችን በአንዳችን ጆሮ ላይ እንዘጋለን። ወረቀት ላይ መዝጋት የለም፤ ወደድክም ጠላህም እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ። አመላላሻችን የኩባንያችሁ ሾፌር ነው። የተበላሹ ታብሌቶችን ሊቀይር በሳምንት ሁለቴ ወደ ሆስፒታላችን ይመጣል። መኪናውን እንደ እንቁላል ተሸካሚ ቀስ አድርጎ ስለሚነዳ ነርሶቹ "ጄቱ" ብለውታል። ደብዳቤዬ ቢዘገይ እሱን ታገሠው።

ለጥያቄህ መልሱ አዎ ነው፤ የሠራኸው የክትትል ማሽን ይሠራል። ስክሪኑን ከነርሶች ጠረጴዛ በላይ ሰቅለውታል። በአራሶች ክፍላችን ላሉት ሃያ ሁለት አልጋዎች ሃያ ሁለት ሳጥን አለው። የእናቲቱን የደም ግፊትና የልብ ምት ለክተን ታብሌቱ ላይ እናስገባለን፤ ደህና የሆነችው እናት አረንጓዴ ትሆናለች፣ የምታጠራጥረው ቢጫ፣ ሩጡላት የሚላት ቀይ። ነርሶቹ "ዘበኛው" ብለው ስም አውጥተውለታል። ባለፈው ሳምንት አራተኛ አልጋ ላይ ቢጫ አበራ። ሐኪሙ "ምንም የላትም" ብሎን ሄዶ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትኩሳቷ ናረ። ነርሶቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ልደብቅህ።

ማሽንህ እንዲማርበት የአራት ዓመት ቻርት፣ የእናቶቹ ልኬት የተጻፈበትን ወረቀት፣ ከካርድ ክፍል አቧራውን እያራገፍኩ ያስረከብኩህ እኔ ነኝ። ዳይሬክተሩንም "ወንድሜ ነው፣ አያሳፍረንም" ብዬ የለመንኩት እኔው። ስለዚህ ዘበኛው ልክ ሲሆን ደረቴን ነፍቼ ነው በኮሪደሩ የምሄደው።

ስለ ቅጽል ስሜ ደግሞ ማን እንዳወራልህ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። አዎ፣ "ሲስተር ድገሚ" ይሉኛል። አለቃህ፣ ያ ባለ ነጭ ጫማው፣ ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ አሉ። ይሳቅ። አንዲት አራስ ፊቷ ካላማረኝ፣ ቁጥሯ የፈለገውን ያህል ደህና ቢሆን፣ የለካቻትን ነርስ "ድገሚ" እላታለሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና "ድገሚ"። ልቤ እስኪያርፍ ድረስ። እዚህ ክፍል ያለፈች ነርስ ሁሉ እኔን ረግማኛለች፤ ሌላ ክፍል ስትሄድ ግን እሷም ድገሚ ባይ ትሆናለች።

እህትህ

ጥቅምት 15

እትዬ፣

መልስ ሳልጽፍልሽ ስለቆየሁ ይቅርታ። ቢሮው ጉድ ሆኗል፤ አሥራ ሁለት ሆስፒታሎች ከእናንተ ጋር የተፈራረምነውን ዓይነት የትብብር ውል ይፈልጋሉ፣ ሁሉም መጀመሪያ የእናንተን ክፍል ማየት አምሯቸዋል። "ዘበኛው" የሚለው ስም እኛም ቢሮ ገብቷል፤ ባለ ነጭ ጫማውም ሳይቀር እንደዚያ ነው የሚጠራው። እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ። ነርስ ሆነሽ እኔ ልንገርሽ?

ነርሶቹን ሊቀንሱብን ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለሽ በጄቱ በኩል ለጠየቅሽኝ፣ እውነቱን ለመናገር የማውቀው ነገር የለም። የሰው ኃይል የሆስፒታሉ ጉዳይ ነው፣ እኛ አንገባበትም። ውሉ ላይ "የሥራ ጫናን ይቀንሳል" የምትል አንዲት መስመር አለች። እኔ ሳነባት ለእናንተ እፎይታ መስላኝ ነበር። የቀረውን ስንገናኝ እናወራዋለን።

ጩጬ (ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው መሆኑን ለነርሶችሽ ንገሪልኝ)

ኅዳር 9

ጩጬ፣

በዘጠነኛ አልጋ ላይ የደረሰውን ማን ነገረህ? ጄቱ ከሆነ ግድ የለም፤ እሱ ቢያንስ እንባው እየመጣ ነው የሚያወራው። የሰማኸው ከቢሮ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው የነገሩህ። ሰላምታው ይቆየንና እኔ ልንገርህ።

"የሆስፒታሉ ጉዳይ ነው" ያልከው ነገር ጥቅምት ሲያልቅ ተወሰነ። በአንድ ፈረቃ ስድስት ነበርን፣ ሦስት ሆንን። ሦስቱ ወደ ተመላላሽ ክፍል ተዛወሩ። ምክንያቱ በደብዳቤ ተጽፏል፦ "ዲጂታል ክትትሉ የሥራ ጫናን በመቀነሱ"። ያቺ መስመርህ እግር አውጥታ እዚህ ድረስ መጣች። ታብሌቱ በየአራት ሰዓቱ ለኩ ይላል። ሦስት ሰው ለሃያ ሁለት አልጋ ይህችን ከሞላ ራሱ ተመስገን ነው። "ድገሚ" የምላት ነርስ የለችኝም። ብልስ፣ አንዷን ስትደግም ሌላዋን ማን ይይዝላታል?

ጉዳቱ በደረሰበት ቀን፣ ውሉን የሚፈልጉት እንግዶቻችሁ መጡ። ዳይሬክተሩ ጠርቶ "ቻርቶቹን የሰጠሽው አንቺ፣ የምታስረጂውም አንቺ" አለኝ። ሁለት ብቻ ሆነው ሊቀሩ ነው አልኩት። "ዘበኛው አለ አይደል?" አለኝ። እኔም ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ አስረዳሁ፣ ወንድሜ ነው የሠራው ማለትም አልቀረኝም። ከኋላዬ የክፍላችን ስክሪን በግድግዳው ልክ ተዘርግቷል። ሃያ ሁለቱም አረንጓዴ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ካጨበጨቡላቸው አረንጓዴዎች አንዷ ዘጠነኛ አልጋ ነበረች።

ልብስ ሰፊ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ያወቀችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ወለሉን ስትወለውል ልብስ ሰፊዋ "መስኮቱን ዝጊልኝ፣ በረደኝ" አለቻት። ትንሽ ቆይታ ደገመችላት፣ "መስኮቱን ዝጊልኝ"። መስኮቱ መጀመሪያውኑ ዝግ ነበር። መወልወያዋን ጥላ እየጮኸች ሁለቱን ነርሶች ጠራች። ኦፕሬሽን ክፍል አደረሷት። ተረፈች፤ ማህፀኗ ግን ወጣ። ሕፃኗ ደህና ናት። ከአዳራሹ ሮጬ ስመጣ አልጋው ባዶ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ቁጥር አሁንም አረንጓዴ ያበራል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። "ጉዳቱ የደረሰው የክፍሉ ኃላፊ ተገቢውን ክትትል ባለማድረጓ መሆኑን አምናለሁ" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "ሲስተሙ በታቀደለት መንገድ ሠርቷል" ይላል። ከፈረምኩ በማስጠንቀቂያ ያልፉኛል። ካልፈረምኩ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፣ የሙያ ፈቃዴም ሊሄድ ይችላል። ግን ከፈረምኩ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ሆኖ ይዘጋል፤ ሦስት ነርስ ይበቃል ማለት ነው፣ እዚህም በእነዚያ አሥራ ሁለቱም።

አንድ ነገር ብቻ ልወቅ። አንተ ምን ትላለህ?

ኅዳር 13

ለውድ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? በደረሰው ነገር እጅግ አዝኛለሁ።

ጉዳዩን ከኩባንያው መሥራች፣ ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬበታለሁ። መዝገቡንም አይቻለሁ። ለዘጠነኛ አልጋ የገባው አንድ ልኬት ብቻ ነው፤ ሲስተሙ በገባለት መረጃ መሠረት ትክክለኛ ውጤት ሰጥቷል። በእኔ በኩል የምመክርሽ እንድትፈርሚ ነው። ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ በስድስት ወር ከፋይልሽ ይወጣል፣ ሰውም ይረሳዋል። ኮሚቴ ፊት ከቀረብሽ ግን የሚሆነው አይታወቅም።

እባክሽ እንዲህ ያለውን ነገር በጽሑፍ አትላኪልኝ። የምስጢር ውል ፈርሜያለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 16

"ለውድ እህቴ"?

ፖስታውን ሁለቴ አገላብጬ አየሁት፣ የሌላ ሰው ደብዳቤ የተሰጠኝ መስሎኝ። ከመቼ ወዲህ ነው ውድ እህትህ የሆንኩት? እኔ እትዬ ነኝ። አፍንጫህን የጠረግኩ፣ የጫማህን ክር ማሰር ያስተማርኩህ እትዬ። ለቢሮ የሚጻፈውን ለቢሮ ጻፍ።

አልፈርምም። በስልክ ቢሆን እዚህ ላይ ትዘጋብኝ ነበር፤ እንግዲህ ዝጋ እስቲ። አልፈርምም። ዳይሬክተሩ ትናንት ቢሮው ጠርቶ ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ሰጠኝ። ክዳኑን ገጥሜ መለስኩለት። "አንቺ ግትር" አለኝ። "ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ግትር ስለሆንኩ ነው ክፍሉን የሰጣችሁኝ" አልኩት። 

ረስተህ ከሆነ ላስታውስህ። ስድስት ዓመትህ ነበር፣ እኔ ገና ነርስ ለመሆን እማራለሁ። ትኩሳት ይዞህ ክሊኒክ ወሰድኩህ፣ "ደህና ነው" ብለው መለሱን። በር ላይ ፊትህን አየሁት፤ አላማረኝም። ይዤህ ተመለስኩ። "አሁን አይደል እንዴ የወጣችሁት?" አሉኝ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ፣ አልነሳም አልኩ። ተቆጡ። አልተነሳሁም። በስተመጨረሻ እኔን ለማስነሳት ብለው አዩህ። የሳንባ ምች ነበር። ድገሚን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም ጩጬ፣ በአንተ ነው የተማርኩት።

አንድ ልኬት ብቻ ነው የገባው አልክ። ልክ ነህ። ለምን አንድ ብቻ ሆነ? ይህን ስታብሰለስል የምትውለው አንተ መስለህኝ ነበር። ካልሆነ እኔ ላብሰልስለው ብዬ ካርድ ክፍል ወረድኩ፤ ለአንተ የሰጠሁህን ቻርቶች አወጣሁ። የከፋባቸውን እናቶች በአንድ በኩል፣ በሰላም የወጡትን በሌላ በኩል ደረደርኳቸው። ምን እንዳየሁ ታውቃለህ? ቁጥር ማንበብ ሳያስፈልግ ከሩቁ ይለያሉ። የከፋባቸው ቻርት ገና ሳይከፋባቸው በፊት በብዕር ጠቁሯል፣ ለክተን ለክተን ለክተን። የደህናዎቹ ነጭ ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። እኔ ፕሮግራም አላውቅም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ማሽንህን ጠይቅልኝ። ያነበበው ቁጥራችንን ነው ወይስ የወረቀቱን ጥቁረት?

ካልጠየቅከው እሱንም ንገረኝ። ሳላውቅ አልቅር።

እትዬ

ኅዳር 25

እትዬ፣

ጄቱ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መጣ ብለሽ እንደተቆጣሽ ነግሮኛል። ባዶ እጁን የላክሁት የምጽፈው አጥቼ አይደለም። መልሱን ካወቅሁ ስምንት ቀኔ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ፈርቼ ተቀመጥኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጠየቅሁት። የልብስ ሰፊዋን ቁጥር፣ አንዲት ነጥብ ሳልነካ፣ አንዴ አስገባሁት። አረንጓዴ። ያንኑ ቁጥር በየሩብ ሰዓቱ የተለካ አስመስዬ አራት ጊዜ አስገባሁት። ቀይ። ቁጥሩ ያው ነው እትዬ። የልብ ምቷ ትንሽ ፈጠን ያለ ነበር፤ አንቺ ብታይው ድገሚ የምትይው ዓይነት። ዘበኛው ግን እሱን አላየውም።

ከዚያ አላመንኩም። የራሴን ግፊትና የልብ ምት ለካሁ። ጤነኛ ነኝ፣ በዋዜማው ኳስ ተጫውቼ ነበር። አራስ ነኝ ብዬ ራሴን መዘገብኩና አራት ጊዜ ደጋገምኩት። ቀይ ሆንኩ። ጢም ያለኝ ሰውዬ፣ በአራስነት ቀይ! ብቻዬን ሳቅሁ።

ዘበኛው በሽታ አልተማረም። አንቺን ነው የተማረው። አራት ዓመት ሙሉ ልብሽ የጠረጠራቸውን እናቶች ቻርት አየና "ብዙ ጊዜ የተለካች ሴት አደጋ ላይ ናት" ብሎ ያዘ። አንቺ ስትጨነቂ እሱ ይጮሃል። የሚጨነቅ ሰው ሲነሳበት ዝም ይላል። ስድስት ነርስ እያለ ልክ የነበረው ለዚህ ነው። ያኔ አራተኛ አልጋን "ድገሚ" ብለሽ ነበር አይደል? እኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። ክፍላችሁን አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አላየሁትም። ቻርቱን ወሰድኩ፣ በቃኝ አልኩ። ሥራዬ እሱ ነበር፣ እሱን ነው ያበላሸሁት።

ለባለ ነጭ ጫማው አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ "ከአሥራ ሁለቱ ጋር ከተፈራረምን በኋላ እናስተካክለዋለን" አለ። ለማንም እንዳላወጣው የፈረምኩትን ውል ጠረጴዛው ላይ አውጥቶ አሳየኝ።

ውጤቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አላደረግሁትም። ይቅር በይኝ። ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ?

ጩጬ

ኅዳር 28

ጩጬ፣

ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ጨርሼ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ በኮሪደሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተመላለስኩ፤ ነርሶቹ "ሲስተር ምን ሆነች?" ተባባሉ።

ምን እንድታደርግ እንደምፈልግ ጠየቅከኝ። አልነግርህም። እንዲህ አድርግ ብዬህ ብታደርገው የእኔ ሥራ ይሆናል፤ ነገ ሲቆጭህም በእኔ ታሳብባለህ። ኮሚቴው ታኅሣሥ ሰባት ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። ይህን ብቻ ልንገርህ። ደብዳቤህን ለማንም አላሳይም። ወንድሜ ለእኔ የጻፈው ነው፣ እላዩ ላይ ማህተም የሚያርፍበት አይደለም። ማውራት ከፈለግክ በራስህ አፍ አውራ።

ልብስ ሰፊዋን ጎበኘኋት። አሁንም አንደኛ ፎቅ ተኝታለች፣ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ። የተሰጣትን የሆስፒታል ጋውን አገላብጣ "ይህን የሰፋው ሰው እጅጌ አይቶ አያውቅም" አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ጠየቀችኝ። "ማሽኑ ነው ወይስ እናንተ?" አለችኝ።  "እኔ አልነበርኩም" አልኳት። "እንግዳ እያስተናገድኩ ነበር። እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም።"  "ሌሎቹስ?" አለችኝ። ሁለት ብቻ እንደነበሩ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ወንበሩ ላይ ቆየሁ፤ አልሄድኩም።

ስለዚህ የራሴን ወረቀት ጻፍኩ። "ክፍሌን ትቼ ሄጃለሁ፤ አልሄድም ማለት ነበረብኝ" ይላል። እሱን በትልቁ ፈረምኩት። የእነሱ ወረቀት ግን እንደተቀመጠ ነው። የሠራሁትን ጥፋት ልሸከም እንጂ የተከሉብኝን አልሸከምም። ፈቃዴን ቢወስዱት ይውሰዱት፤ እጄን ቆርጠው አይወስዱትም።

ነርሶቹ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ በየአራት ሰዓት የሚለውን ትተዋል። ሦስት ሆነው ይደግማሉ። ውሃ ለመጠጣት እንኳ አይቀመጡም። እኔ አላዘዝኳቸውም። እንዳቆማቸው ግን ማን ያስገድደኛል?

እትዬ

ታኅሣሥ 6

እትዬ፣

ይህን የሚያመጣልሽ ጄቱ ነው፣ በራሱ መኪና። የኩባንያውን መኪና ለዚህ አልነዳም አለ።

አጭር ነው የምጽፈው። ለአንቺ የላክሁት ነገር የለም። ለኮሚቴው ግን አንድ ፖስታ ልኬያለሁ፤ ውስጡ የሙከራዬ ውጤት አሥራ አንድ ገጽ አለ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ስሜና ፊርማዬ አለ። ግልባጩን ለአሥራ ሁለቱም ሆስፒታሎች በአደራ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የሥራ መታወቂያ ባጄን ትናንት ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ባለ ነጭ ጫማው "እንከስሃለን" አለኝ። አድራሻዬን በደንብ አድርጌ ጻፍኩለት፣ እንዳይሳሳት።



ጩጬ

ታኅሣሥ 10

ለጩጬ፣

ስልክህ ለምን እንደተዘጋ ገብቶኛል። ኩባንያው የሰጠህ ስልክ ነበር። ይሁን፣ ለእኛ ወረቀት ይሻለናል።

እንዴት ሆነ አልክ። ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ አትቸኩል። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው የቀዶ ጥገና ሐኪም ናቸው፣ ከመነጽራቸው በላይ የሚያዩ። ባለ ነጭ ጫማው ተቀምጧል፣ ዳይሬክተሩ ተቀምጧል። ያንተን አሥራ አንድ ገጽ ገለጡ። ባለ ነጭ ጫማው "ይህ የአንድ ቅር የተሰኘ ሠራተኛ ጽሑፍ ነው" አለ። ሊቀመንበሩ መልስ አልሰጡትም። ኮታቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና "ሲስተር፣ ይለኩኝ" አሉኝ። ለካሁ። ታብሌቱ ላይ አስገባን። አረንጓዴ። "ይድገሙኝ" አሉ። ደገምኩ። አራተኛው ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የተከበሩት ሊቀመንበር በአራስነት ቀይ በራባቸው! ጸሐፊዋ አፏን በፋይል ሸፈነች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እጅጌያቸውን ቀስ አድርገው ቆለፉ።

ሁሉም ያለቀ መስሎን ነበር፣ ዳይሬክተሩ ተነሳ። "ይህ ስለ ማሽኑ ነው። ታካሚዋ ግን ቃሏን ሰጥታለች" አለና ከሪፖርቱ ማንበብ ጀመረ። "ታካሚዋ በሲስተሙ ላይ ቅሬታ እንደሌላት፣ ቅሬታዋ በነርሶቹ ቸልተኝነት ላይ መሆኑን ገልጻለች።" በዚህ ጊዜ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ናት። የጽዳት ሠራተኛዋ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አምጥታታለች፤ ማን እንደፈቀደላቸው እስካሁን አልታወቀም።

"ያነበቡትን ይድገሙልኝ" አለች።

ዳይሬክተሩ ሪፖርቱን ማጠፍ ጀመረ። "ይድገሙልኝ እንጂ" አለች። ሊቀመንበሩም "ይደገም" አሉ። ደገመው፣ ድምፁ ግን የመጀመሪያው አልነበረም።

"ይህን እኔ አላልኩም" አለች። "እኔ ያልኩት ሰው አልነበረም ነው። ሰው አልነበረም።"

የጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሩን አዙራ ይዛት ወጣች። 

የሆነው ይኸው ነው። ያንን ወረቀት ቀደዱት፤ እኔ ልቅደደው ብዬ ነበር፣ ሊቀመንበሩ ቀደሙኝ። ክፍሌን ትቼ በመሄዴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ በራሴ ወረቀት ላይ ያመንኩት ስለሆነ ተቀበልኩ፣ ይገባኛል። ሦስቱ ነርሶች ከሰኞ ጀምሮ ይመለሳሉ፣ በደብዳቤ ነው፣ በአፍ አይደለም። ስክሪኑ እስኪጣራ ጠፍቷል። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ውሉን አቁመዋል፣ አምስቱ መልስ አልሰጡም፤ ለአምስቱ እንደገና ይጻፍላቸዋል። ዳይሬክተሩ በኮሪደር ሲያገኘኝ መንገድ ይቀይራል። ልብስ ሰፊዋ ትናንት ወጣች። የወጣላት ነገር አይመለስላትም፣ እሷም ደህና ነኝ አላለችም፣ እኔም አይዞሽ አላልኳትም። ሕፃኗን አስታቀፈችኝ፣ እስከ በሩ ድረስ እኔ ተሸከምኩላት።

ቻርቶቹን በመስጠትሽ ትጸጸቻለሽ ወይ ብለህ በጄቱ በቃል የላክኸውን ጥያቄ ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ቻርቶቹን ስለሰጠሁህ አልጸጸትም። ተናድጄብሃለሁ፣ አልቅሼብሃለሁ፣ ግን አልጸጸትም። ዘበኛው መጥፎ አልነበረም፤ የተማረው ከሩቅ ሆኖ ነው። ሰው የሚያግዝ ማሽን ከመጣ እኔ እግሬ ያበጠ ሴትዮ ነኝ፣ እምቢ የምልበት ምክንያት የለኝም። በሰው ፋንታ ካመጡት ግን እኔን አልፈው ነው የሚያመጡት።

ስለዚህ እንደገና እንሥራው። ሊቀመንበሩ ሰምተዋል፣ "ይምጣና ይሞክር" ብለዋል። በዚህ ጊዜ ግን ወረቀቱን ተሸክመህ አትሄድም። ከዘጠነኛ አልጋ አጠገብ ወንበር አስቀምጬልሃለሁ። አንድ ወር ትቀመጣለህ። ነርሶቹ ምን አይተው እንደሚደግሙ ታያለህ፤ የፊት መገርጣት፣ የድምፅ መለወጥ፣ የተዘጋ መስኮት ዝጉልኝ ማለት። ከዚያ በኋላ የምትሠራውን ትሠራለህ።

ዳይሬክተሩ ባጅ የሌለው ሰው ክፍሉ እንዳይገባ ብሎ ጥበቃዎቹን ወረቀት አስፈርሟል አሉ። ወረቀቱ ላይ ያንተ ስም ብቻ ነው ያለው።

ሰኞ ጠዋት ና። በር ላይ ቢመልሱህ ዞረህ ተመለስ። ሁለተኛም ቢመልሱህ አግዳሚው ላይ ቁጭ በል፣ አልነሳም በል።

ድገም።

እትዬ